ሰኞ ሳይደርስ ያለቀው ካሴት

አምስት ተማሪዎች አንድ ቅዳሜን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጥተው ይውላሉ። የ«ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ታሪክ ይኸው ነው። ድብድብ የለው፣ መኪና አይጋጭበት፣ ሽጉጥ አይታይበት። ከ97 ደቂቃው አብዛኛው አንድ አዳራሽ ውስጥ በወሬ ያልቃል። የእኛ ሰፈር ልጆች ይህን ፊልም ቪዲዮ ቤት ከፍለው ገብተው ቢያዩት ኖሮ «ብራችንን መልሱ» ብለው አግዳሚ ወንበሩን ይገለብጡት ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ ዛሬም ድረስ የማወራለት፣ የምከራከርለት እሱ ነው።

ጸሐፊውም ዳይሬክተሩም ጆን ሂዩዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1985 ሲሆን፣ ፊልሙ ውስጥ ያለው ቅዳሜ ግን ማርች 24 ቀን 1984 ነው፤ በእኛ መጋቢት 15 ቀን 1976 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቦታው ኢሊኖይ ውስጥ ሸርመር የተባለች የፈጠራ ከተማ ናት። ልጆቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ሳያወሩ፣ ሳይተኙ እንዲቀመጡ ታዘዋል። በዚያ ላይ «ማን ነኝ ብላችሁ ታስባላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ከ1,000 ቃል ያላነሰ መልስ መጻፍ አለባቸው።

ልጆቹን እኛ ሰፈር ብታመጧቸው ስም ለማውጣት አንቸገርም። ብራያን ቀለሜ ነው። አንድሩ የትግል ተወዳዳሪ፣ የትምህርት ቤቱ ኩራት። ክሌር የሀብታም ልጅ፣ ሞልቃቃ። ቤንደር ለይቶለት ዱርዬ። አሊሰን ደግሞ የኋላውን ወንበር ይዛ፣ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ደፍታ ጥፍሯን የምትነክስ፣ «ነካ ያደርጋታል» የምትባል ዓይነት ልጅ ናት። አምስቱም አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ እንጂ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ቁም ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ካሴቱ እኛ ቤት የደረሰው በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አሜሪካ የምትኖር አክስቴ በሰው እጅ በላከችው ሻንጣ ውስጥ፣ በጫማና በቫዝሊን መካከል ተሸጉጦ ነበር። ከቴሌቪዥን ላይ የቀዳችው ነው፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለልጆች» ብላ ጽፋበታለች። ከቴሌቪዥን በመቀዳቱ ስድቡ ሁሉ ተለቅሞ ወጥቷል። ቤንደር አፉን በአንድ ቃል ይከፍታል፣ ድምፁ ግን ሌላ ጨዋ ቃል ይናገራል። በየመሀሉ ደግሞ የሳሙናና የመኪና ማስታወቂያ አለ፤ እኛ እሱንም ከፊልሙ እኩል ነው ያየነው። በዚህ ላይ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ በሚባለው፣ የእኛ ደግሞ ፓል በሚባለው ሥርዓት ስለሚሠራ፣ ከጎረቤት የተዋስነው ዴክ ካሴቱን ቢያጫውተውም ቀለሙን አላወጣውም። ስለዚህ የክሌር ፀጉር ቀይ መሆኑን ሳናውቅ ፊልሙን በጥቁርና ነጭ አየነው።

አስተርጓሚያችን ታላቅ እህቴ ነበረች። እናቴ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ምንጣፉ ላይ የሰፈሩ ልጅ ተደርድሯል። ከነሱ መካከል ከቴሌቪዥኑ በጣም ቀርቦ የተቀመጠው የክፍላችን አንደኛ ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያውን አጋማሽ በሳቅ ነው ያሳለፍነው። የሚቀጣቸው ምክትል ርእሰ መምህር ቬርነን ቁርጥ የእኛን ዩኒት ሊደር ነው፤ ሱፉ፣ አረማመዱ፣ ጣቱን ቀስሮ ማስፈራራቱ ሁሉ። ቤንደር የበሩን ብሎን ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ቬርነን ልጆቹን ከቢሮው ሆኖ ለማየት በሩ እንዲከፈትለት ይፈልጋል፣ በሩ ግን እየተወረወረ ይዘጋበታል። ተጣጣፊ ወንበር ቢያስደግፈው ወንበሩን ወርውሮ ይዘጋል። በመልስ ምት ደግሞ ቤንደር አንድ ቃል በተነፈሰ ቁጥር ሌላ ቅዳሜ ይጨመርበታል፤ እሱም ዝም አይል፣ ሰውየውም አያቆም፣ እልህ ተጋብተው ሁለት ወር ሞላ። እኛ ዘንድ ቢሆን ቅጣቱ አጭር ነበር፤ አምስቱም «ወላጅ ይዘህ ና» ተብለው ይባረሩና ወላጅ መጥቶ፣ ተለምኖ፣ ልጁን ተቆጥቶ ይመለሳሉ። ወላጅ ይዞ መምጣት የሚባለው ነገር በፊልሙ ውስጥ የለም። የእነዚህ ልጆች ወላጆች መጥተው የሚሄዱት በመኪና መስኮት ነው።

ያንን ከሁሉ በፊት ያስተዋለችው እንግሊዝኛ የማታውቀው እናቴ ናት። በመክፈቻው ላይ የክሌር አባት ከመኪናው ሳይወርድ ልጁን ያጽናናል፤ ትምህርት ጥላ ገበያ መውጣቷ ብዙም አልከበደውም። የብራያን እናት ታናሽ እህቱን አጠገቧ አስቀምጣ «ይህን ጊዜ ለጥናት ተጠቀምበት» ትላለች፤ ማጥናት አይፈቀድም ሲላት «እንግዲያው ዘዴ ፈልግ» ትለዋለች። የአንድሩ አባት የተቆጣው ልጁ ባደረገው ነገር ሳይሆን በመያዙ ነው። አሊሰን ከመኪናው ወርዳ ልትሰናበት ወደ መስኮቱ ስትጠጋ መኪናው ጥሏት ይሄዳል። ቤንደር በእግሩ ብቻውን ይመጣል። «እነዚህ ሰዎች እግር የላቸውም እንዴ? አንዱ እንኳ ወርዶ ልጁን አይስምም?» አለች እናቴ። እኛም ሳቅን።

ከዚያ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ክሌር በጣውላ ሳህን ሱሺ አወጣች፤ ጥሬ ዓሣ መሆኑን እህቴ ስትነግረን ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አንድሩ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ሳንድዊችና ብስኩት ከከረጢት ውስጥ አውጥቶ ደረደረ። አሊሰን ከዳቦዋ መሀል ሥጋውን አውጥታ ወደ ላይ ወረወረችው፤ በፈንታው ዱቄት ከረሜላና የቁርስ እህል ሞልታ፣ ጨፍልቃ፣ እያንኮሻኮሸች በላች። የብራያንን እናቱ ናት ያዘጋጀችለት፤ ሾርባ፣ የፖም ጭማቂ፣ ጠርዙ የተቆረጠለት የኦቾሎኒ ቅቤ ሳንድዊች። ቤንደር ምሳ የለውም። ስለዚህ በሌሎቹ ምሳ ይቀልዳል። የብራያንን ከረጢት በርብሮ ሲያበቃ ተነሥቶ የብራያንን ቤት ይተውናል። አባት በደግ ድምፅ፣ እናት በደግ ድምፅ፣ ሁሉም «የኔ ልጅ» እየተባባለ። እጅግ ያስቃል።

«ያንተ ቤትስ?» ይለዋል አንድሩ።

ቤንደር በዚያው ቀልድ ድምፁን ቀይሮ ይቀጥላል። አባት ይሳደባል፣ እናት ትመልሳለች፣ ልጅ መልስ ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ የአባትየው ቡጢ አየሩን ይመታል። የእኛ አፍ ገና ከሳቁ አልተከደነም። አንድሩ «ውሸትህን ነው» ሲለው ቤንደር እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ያሳያል። የሲጋር ልክ የሆነ ክብ ጠባሳ አለበት። ጋራዥ ውስጥ ቀለም በመድፋቱ የተቀበለው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ፊልም ሲገልጽ «በኮሜዲ ጀምሮ ሳይታሰብ ቁም ነገር ይሆናል» ይላል። ደጋግሜ ካየሁት በኋላ ግን መንገድ የለወጠ አይመስለኝም፤ የሄደበትን መንገድ ነው ተመልሶ የሚመጣበት። ሂዩዝ አንድን ነገር መጀመሪያ ያስቅበታል፣ ቆይቶ የዚያኑ ነገር ዋጋ ያስከፍልበታል። የብራያን ሳንድዊች ያስቃል፣ ቀጥሎ የቤንደር ባዶ እጅ ይታያል። አንድሩ የተቀጣው ስፖርት ቤት ልብስ መቀየሪያ ውስጥ የአንድ ደካማ ልጅ መቀመጫ ላይ ፕላስተር ለጥፎበት ነው፤ ሲነገር ያስቃል። በኋላ ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አንድሩ ራሱ ታሪኩን እንደገና ይጀምረውና ፕላስተሩ ሲነሣ ፀጉርና ቆዳ እንደተላጠ፣ ያ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ምን ብሎ እንደሚነግር እያሰበ ያለቅሳል። ይህን ያደረገውም «አሸንፍ፣ አሸንፍ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቀውን የገዛ አባቱን ደስ ለማሰኘት ነው። ጠዋት በመኪና መስኮት የሰማናት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሆና ትመለሳለች።

የብራያን ግን ከሁሉ ይብሳል።

ብራያን በሁሉም ትምህርት ይደፍናል። ቀላል ነው ብሎ የእጅ ሥራ ክፍል ተመዘገበና የሸክላ ዝሆን መብራት እንዲሠራ ታዘዘ፤ ኩምቢው ሲሳብ መብራቱ መብራት አለበት። የእሱ አልበራም። ኤፍ አገኘ። ቤንደር ይስቅበታል፣ ብራያን ደግሞ የእጅ ሥራ የሚወስደው ደደብ ብቻ መስሎት እንደነበር ያመልጠዋል። ቤንደር ራሱ የእጅ ሥራ ተማሪ ነው። ክፉኛ ይቆጣዋል። ይህ ቦታ ለእኛ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። በእኛ ካርድ ላይ የእጅ ሥራ ውጤት ማንም የማያየው ጥግ ላይ ነበር የሚጻፈው፤ ቴክኒክና ሙያም «ማትሪክ ያልመጣለት» የሚገባበት እየተባለ ነው ያደግነው።

ቀጥሎ ብራያን ቁምሳጥኑ ውስጥ ሽጉጥ በመገኘቱ እንደተቀጣ ይናገራል። ለምን እንዳስገባው ይናገራል። ያን ጊዜ እህቴ ትንሽ ዝም አለችና «በውጤቱ በጣም አዝኖ ነበር ነው የሚለው» ብላ አለፈችው።

እዚህ ላይ ስለ ክፍላችን አንደኛ መናገር አለብኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃውን ለማንም ለቆ አያውቅም። በዚያ ዓመት መንፈቅ ከሰባ ምናምን ተማሪ አራተኛ ወጣ። ካርድ በተሰጠበት ቀን ወደ ቤቱ አልገባም። ሰፈሩ ባትሪና ፋኖስ ይዞ ሲፈልገው አደረ። ጎህ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አንድ የመቃብር ቤት ጥግ ተኮራምቶ፣ ደብተሮቹን ደረቱ ላይ ታቅፎ አገኘው። አባቱ አልመቱትም፤ «ለምን?» ብሎ የጠየቀውም ሰው የለም። ትምህርት ቤት ሲመለስ «አራተኛ» የሚል ስም ወጥቶለት ቆየው። መምህሩ ስም ሲጠሩ ከኋላ አንዱ «አራተኛ!» ይላል፣ ክፍሉ ያውካካል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

«እስቲ መልሺው» አላት እህቴን።

ዴኩ ወደ ኋላ ሲመለስ ምስሉ በነጭ መስመር ይሰነጣጠቅ ነበር። ብራያን አፉን እየዘጋ እየከፈተ ወደ ኋላ ሄደና እንደገና ጀመረ። እህቴ ወደ እናቴ ተመለከተች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ቃል በቃል ተረጎመችው። «ራሱን ሊያጠፋ አስቦ ነበር። ሽጉጡን ያመጣው ለዚያ ነው። በአንድ ኤፍ።» እናቴ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

ፊልሙ ግን በዚያው አይቆይም። ሽጉጡ እውነተኛ ሽጉጥ አልነበረም፤ ለአደጋ ጊዜ የብርሃን ምልክት የሚተኮስበት ነው። እዚያው ቁምሳጥኑ ውስጥ ባርቆ ዕቃውን ሁሉ አቃጥሎታል። አንድሩ ሳቁ ያመልጠዋል። ብራያን «አያስቅም» ይላል፣ ወዲያው ራሱ «ያስቃል እንጂ፣ ዝሆኗ ወደመች» ይላል። ሁሉም ይፈነዳሉ። አሊሰንም በዚህ መሀል የራሷን ትነግራቸዋለች፤ ምንም አላጠፋችም፣ የተሻለ መዋያ ስለሌላት ነው የመጣችው። ሳቁ እንደገና ይነሣል።

«አሁን ምን ያስቃቸዋል?» አለች እናቴ። እህቴ ስለ ዝሆኗ ለማስረዳት ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ጥርስ ባዳ ነው» ብላ እናቴ ራሷ መለሰችውና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ሙዚቃ ከፍተው መጨፈር ሲጀምሩ ካሴቱ አለቀ። አክስቴ የቀዳችበት የ2 ሰዓት ካሴት ነበርና ማስታወቂያው ቦታውን በልቶታል። ልጆቹ አንዱን እግራቸውን እንዳነሡ ስክሪኑ ነጠብጣብ ሆነ።

የቀረን ጥያቄ የክሌር ነበር። ክብ ሠርተው እንደተቀመጡ ብራያን «ሰኞ ስንገናኝ ጓደኛሞች ነን ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ክሌር እንደማይመስላት ትናገራለች፤ ጓደኞቿ ፊት ብራያን ሰላም ቢላት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። ይጮሁባታል። እሷ ግን ከሁሉም የበለጠ እውነቱን የተናገረች ናት። እኛ ካሴቱ ስላለቀብን ሰኞን ራሳችን ሠራነው። አንዱ ይዘጋጋሉ አለ። አንዷ ክሌርና ቤንደር ይጋባሉ አለች። ሌላው ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አምስቱንም አንድ ሰልፍ ላይ አቆማቸው። ክርክሩ ከእኛ ቤት ወጥቶ ኳስ ሜዳ ሰነበተ። «አራተኛ» ብቻ አስተያየት አልሰጠም።

ፊልሙን በቀለምና እስከ መጨረሻው ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለካ ሂዩዝም ሰኞን አላሳየም። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወላጆች በመኪና ይመጣሉ፣ ክሌር የጆሮ ጉትቻዋን ለቤንደር ትሰጣለች፣ አንድሩና አሊሰን ይሳሳማሉ፣ ቤንደር ኳስ ሜዳውን አቋርጦ ሲሄድ ቡጢውን ወደ ላይ ይሰነዝራል፤ አለቀ። ጽሑፉን ስለ ሁሉም ሆኖ የጻፈው ብራያን ነው። ብራያንን ሊወስደው የመጣውን አባት ደግሞ የሚጫወተው ጆን ሂዩዝ ራሱ ነው። እሱም ከመኪናው አይወርድም። ጠዋት ያመጡት እናትና ታናሽ እህት ደግሞ የተዋናዩ የአንተኒ ማይክል ሆል እውነተኛ እናትና እህት ናቸው።

ወሬ ብቻ የሆነ ፊልም ሳያሰለች ያለቀው እንዴት ነው? አሠራሩ ነገሩን ትንሽ ይገልጠዋል። የተቀረጸው ዴስ ፕሌይንስ በተባለች የኢሊኖይ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስለጠበባቸው ባለ ሁለት ፎቁን አዳራሽ ስፖርት ቤቱ ውስጥ ገነቡት። ተዋናዮቹ እንደ ቴያትር ተለማመዱት፣ ከዚያም ከአብዛኛው ፊልም በተለየ፣ ከዚህም ከዚያም ሳይዘልሉ በታሪኩ ቅደም ተከተል ቀረጹት። ወለሉ ላይ ሲደርሱ ተዋናዮቹም አብረው የከረሙ ሰዎች ሆነው ነበር ማለት ነው። ክሌርን የሆነችው ሞሊ ሪንግዋልድና ብራያንን የሆነው ሆል በዕድሜም እውነተኛ ተማሪዎች ነበሩ። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ካልሆነ በቀር እንዳያየው ተወስኖበት ሲወጣ፣ ሁለቱም ገና 16 ዓመታቸው ነበር። የራሳቸውን ፊልም ለማየት ወላጅ ይዘው መሄድ ሊኖርባቸው ነው። በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት በሚጠብቃቸው ፊልሞች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሂዩዝ ይህን አላየም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በ59 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞቷል።

ፊልሙን ከእኛ ጋር የሚያገናኘው አንድ ክር ደግሞ አለ፤ የመጨረሻው ዘፈን። «ዶንት ዩ (ፎርጌት አባውት ሚ)» የተባለውን ይህን ዘፈን የስኮትላንዱ ሲምፕል ማይንድስ ነው የተጫወተው። እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደይ ወራት በአሜሪካ የዘፈን ሠንጠረዥ ላይ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ረሃብ የተዘፈነው «ዊ አር ዘ ወርልድ»፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ይህ የፊልሙ ዘፈን አንደኛ ሆኑ። በዚያው ዓመት ጁላይ 13 ቀን (በእኛ ሐምሌ 6)፣ ለረሃቡ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተደረገው ላይቭ ኤይድ፣ ሲምፕል ማይንድስ ፊላዴልፊያ ስታዲየም መድረክ ላይ ወጥተው ይህንኑ ዘፈን ዘፈኑት። እንዳይረሳ የሚለምን ዘፈን ለእኛ ሰው ተዘፍኖ እኛ ሰፈር ያኔ የሰማው አልነበረም። 

በቅርቡ ፊልሙን ከእህቴ ልጅ ጋር አየሁት። ያቺ አስተርጓሚዬ እህቴ አሁን ሜሪላንድ ትኖራለች፤ ልጇ የክሌር ዕድሜ ናት። ብዙ ሳቀች። ብራያን ስለ ሽጉጡ ሲናገር ግን ፊቷ ተለወጠ። እሷ በምትማርበት አገር ተማሪዎች ታጣቂ ቢገባ በር ዘግተው፣ መብራት አጥፍተው ወለል ላይ መተኛትን ይለማመዳሉ። «ቅጣቱ አንድ ቅዳሜ ብቻ?» አለች። የኮሎምባይን ትምህርት ቤት ግድያ ከመድረሱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የፌዴራል ሕግ መሣሪያ ትምህርት ቤት ያስገባ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር ክፍለ ግዛቶችን ያስገድዳል። እሷ በቅጣቱ ማነስ ስትገረም እኔ ያየሁት ሌላውን ነበር። ትምህርት ቤቱ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ሽጉጥ አገኘ፣ ቀጣ፣ ዘጋ። ልጁን ለምን አመጣኸው ብሎ የጠየቀው የለም። የጠየቁት አብረውት የዋሉት አራት ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ያስቆማት ቦታ በእኛ ካሴት ላይ ያልነበረ ነው። ቤንደር ከቬርነን ሸሽቶ ጠረጴዛ ሥር ይደበቅና የክሌርን ቀሚስ ሥር ይመለከታል፤ ነካት መሰለኝ፣ ትጮኻለች። ፊልሙ ይህን ያለፈው ለሳቅ ነው። ሞሊ ሪንግዋልድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2018 «ዘ ኒውዮርከር» መጽሔት ላይ ፊልሙን ከትንሽ ልጇ ጋር እንዳየችው ጽፋ ይህን ትዕይንት አንሥታለች። ያቺን ቅጽበት በእሷ ፈንታ ሌላ አዋቂ ሴት ተተክታ እንደተቀረጸች፣ ቤንደር ቀኑን ሙሉ ክሌርን ሲያዋርዳት ውሎ መጨረሻ ላይ እንደምትሸለምለት፣ ቢሆንም ፊልሞቹ ለብዙ ብቸኛ ወጣት መጽናኛ እንደሆኑም ጽፋለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ ስለ አሊሰን ተቆጣች። ክሌር ኩሏን አጥባ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ ሌላ ልብስ አልብሳ ስታወጣት አንድሩ ያኔ ያያታል። «ቀኑን ሙሉ ማንነቷን ሲሰሙ ውለው ሊወዷት የቻሉት ሌላ ሰው ሆና ነው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም፤ ነገር ግን እሷ የቆጠረቻቸው እንከኖች አንድ የሚያገናኛቸው ነገር እንዳለ አየሁ። ይህ ፊልም ታላቅ የሆነው የቀለደበትን ነገር ተመልሶ ስለጠየቀ ነው፤ የቤንደርን ቀልድ፣ የአንድሩን ፕላስተር፣ የብራያንን ዝሆን። ዛሬ የሚያሳፍሩት ቦታዎች ደግሞ ተመልሶ ያልጠየቃቸው ናቸው። ክሌርን ጠረጴዛው ሥር ምን ተሰማሽ ያላት የለም። አሊሰንን ያ ኩል ለምን ነበር ያላት የለም። እነዚያ ቀልዶች እንደ ቀልድ ብቻ ቀሩ፤ ያረጁትም እነሱ ብቻ ናቸው። ሂዩዝን የምንከስሰው ራሱ ባስተማረን መለኪያ ነው።

ይህን ሳስብ የከረምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው አንድ የሰፈር ልጅ ሠርግ ላይ የድሮ ጓደኞች አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። ያ የክፍላችን አንደኛ መጣ፤ ዛሬ የተከበረ መሐንዲስ ነው፣ ፀጉሩ ገብቷል፣ ሁለት ልጆች ይዟል። ገና ወንበር ሳይስብ አንዱ «አራተኛ!» ብሎ ጮኸ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። እሱም ሳቀ። ታላቅ ልጁ «አባ፣ ለምንድን ነው አራተኛ የሚሉህ?» ብሎ ጠየቀው፤ «ደረጃዬ ነበር» ብሎ አለፈው።

ጥሬ ሥጋ ልናስቆርጥ ስንነሣ ካሴቱን ታስታውሳለህ ወይ አልኩት። ያስታውሳል። ማስታወቂያዎቹን ሳይቀር ያስታውሳል። ያን ጊዜ ለምን መልሺው እንዳላት ጠየቅሁት።

«እንግሊዝኛውን ሰምቼዋለሁ» አለኝ። «እህትህ ዘለለችው። እኔም ያንን ሌሊት የሄድኩበትን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አንድ ሰው በአማርኛ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብሎ ሲለው መስማት ፈለግሁ። ከዚያ እናትህ ሰፌዷን ስታስቀምጥ አየኋት። በቃኝ።»

ቢላዋውን ተቀብሎ ከብልቱ እየመረጠ ጨመረልኝ። «ደግሞ እህትህ ስትተረጉም ብዙ ታጭበረብር ነበር፤ ሱሺውንም ሽሮ ብላ ብታልፈው ያምርባት ነበር» አለ፤ ይህን ጊዜ የሳቅነው ሁለታችን ብቻ ነን። ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ ልጁ አጠገቤ ተቀመጠ። አባቱን በስሙ ጠርቼ «ለልጅህ ታሪኩን ንገረው፤ ከዝሆኑ ጀምረህ» አልኩት። ጀመረለት።